አራተኛው ገጽ ላይ ሆኜ ያወጣሁት እጅ

ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ጎረቤቴ ናት። ሰኞ ጠዋት ነበር፤ እኔ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። እሷ የምትኖረው ከእኔ ግድግዳ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ስታስል ይሰማኛል፤ እኔ ስጸልይ ይሰማታል። ወረቀቱን እጇ እንዳያቆሽሸው በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ "እስኪ ይችን አንብቢልኝ፤ ማኅተም አለባት" አለችኝ። ማንበብ አትችልም።

መነጽሬን አደረግኩና ጀመርኩ። እኔ የማነበው ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ነው፤ ሌላ መንገድ አላውቅም። ደብዳቤው የሰፈራችን የቀበሌ ቤቶች ለልማት ስለሚፈርሱ ባለ ውሎቹ ምትክ ቤት እንደሚያገኙ፣ ደባሎች ግን ምትክ ስለማይመለከታቸው በአሥር ቀን ውስጥ ክፍላቸውን ለቀው እንዲወጡ ይላል። ጎረቤቴ ደባል ናት። የቤቱ ውል ያለው የፊት ለፊቱን ክፍል በያዘው ቤተሰብ ስም ነው። የዚያ ቤተሰብ እናት በሕይወት ሳለች የኋላዋን ክፍል ለቀቀችላት፤ ቀበሌውም ያኔ ደባል ብሎ መዘገባት። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆናት። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባሉ የእንግዳ ማረፊያዎች አንሶላ ስታጥብ ኖራ ጉልበቷ ሲደክም ነው ቤት የዋለችው። ልጅ የላትም፤ የምትሄድበት ዘመድም የላትም።

እስከዚህ ድረስ ድምፄ አልተለወጠም። ወደ ታች ወርጄ "የወረዳው ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ባጸደቀው ዕቅድ መሠረት" የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። እኔ የምክር ቤቱ አባል ነኝ። ሙሉ ድምፅ ሲባል የእኔም ድምፅ አለበት።

እሷ ፊቴን እያየች ነበር። "እንኳን አንቺ እዚያ ውስጥ ኖርሽልኝ" አለች። "ሰው የሌለው ምን ይሆን ነበር?"

ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋትና ጎመኔን መቀንጠስ ቀጠልኩ። ቆይቼ ሳየው ቅጠሉን ጥዬ ግንዱን ሳህን ውስጥ ስከት ነበር።

ምክር ቤት የገባሁት በትምህርቴ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ የማታ ትምህርት እስከ አምስተኛ ክፍል ገፋሁና ልጅ ሲመጣ ተውኩት። የመረጡኝ በአፌ ነው። በሸማቾች ሱቅ ዘይት በጓሮ በር ሲወጣ አይቼ በሩ ላይ ቆሜ፣ ሰልፉ በፊት ለፊት ነው፣ በዚህ በኩል የሚያልፍ በእኔ ላይ ይለፍ ያልኩ ሴት ነኝ። ሰፈሩ ያን አልረሳልኝም። የምርጫው ዕለት ጎረቤቴ በዚያ ጉልበቷ ሁለት ሰዓት ተሰልፋ ቆማለች፤ ምልክቴን አሳይተዋት እዚያ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

ከተመረጥን በኋላ ሥልጠና ሰጡን። የሥራ አስፈጻሚው ሥልጣንና ተግባር የሚል መጽሐፍ አደሉን። አሠልጣኙ ሥልጣን የሚለውን ጠዋቱን ሙሉ አስረዳን። ተግባር የሚለው ላይ ሲደርስ የምሳ ሰዓት ሆነ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ፎቶ መነሳት ነበረብን። መጽሐፉን እኔ ቤቴ ወስጄ ክረምቱን ሙሉ ቀስ እያልኩ ጨረስኩት። እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። እኛን ሕዝቡ ይመርጠናል፤ እኛ ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ከመካከላችን እንመርጠዋለን። እሱ ዕቅድ ያመጣል፤ እኛ እናጸድቃለን ወይም እንመልሳለን። ያጸደቅነውን ይፈጽማል፤ የፈጸመውን መጥቶ ይነግረናል። ስንጠይቀው መመለስ ግዴታው ነው። እኛ ያላልነውን በራሱ መጨመር አይችልም፤ ያልነውን ደግሞ መተው አይችልም። ይህን ያህል አውቃለሁ።

ይህን ያህል አውቄ ነው እንግዲህ ያን እጅ ያወጣሁት።

ጉባኤው ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዕቅዱን እዚያው በር ላይ ነው ያደሉን፤ ሥራ አስፈጻሚው መድረክ ላይ ሆኖ ያነባል፣ እኛ እየተከተልን እናነባለን። እሱ ሲያነብ እንደ ውኃ ይወርዳል። እኔ ጣቴን ይዤ ተከተልኩት፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀደመኝ፣ ሦስተኛው ላይ ጠፋብኝ። አዳራሹ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ አንድ ላይ ነው የሚንኮሻኮሸው፤ የእኔ ወረቀት ብቻውን ወደ ኋላ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠች መምህርት ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ሰርቄ አየሁ። የእኔ ጣት አራተኛው ገጽ ላይ፣ ስለ መንገድ መብራት የሚያወራው ላይ ነበር። ቆይ፣ አልደረስኩም ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ይቺ አሮጊት ማንበብ አትችልም እንዳይሉኝ ፈራሁ። አፈ ጉባኤዋ የምትደግፉ ስትል ሁሉም እጁን አወጣ፤ እኔም አወጣሁ። አጨበጨብን። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ተባለ።

ያን ዕለት ፍርሃቴ ትንሽ ነበር፤ የአንዲት ተማሪ ፍርሃት ነው። አሁን የመጣብኝ ግን ሌላ ነው።

ጎረቤቴ እንደ ሄደች ከፍራሼ ሥር ያንን ዕቅድ አወጣሁ። ከአራተኛው ገጽ ጀመርኩ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ፀሐይ ከደጃፌ አልፋ ሄዳለች። እዚያ አለ። "ደባሎችን በተመለከተ ምትክ ሳይሰጥ ክፍሎቹ ነፃ ይደረጋሉ።" አንድ መስመር ናት። ምናልባት ስሕተት አንብቤ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ከዚያ እጄን አየሁት፤ ቀኜን። እጅ እንዲህ ያስፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ ወረዳ ሄድኩ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ገና ወጣት ነው፤ የእኔን የመጨረሻ ልጅ ቢያክል ነው። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝና ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ። ውኃ አስመጣልኝ። ጠርሙሱን መክፈት አቃተኝ፤ እሱ ከፈተልኝ። ጎረቤቴን ነገርኩት፤ ዕድሜዋን፣ ጉልበቷን፣ ሠላሳውን ዓመት። አዳመጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"እማማ፣ እኔ እኮ አስፈጻሚ ነኝ" አለኝ። "እናንተ ያጸደቃችሁትን ነው የምፈጽመው። ባልፈጽም የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"ያመጣኸው አንተ ነህ።"

"አዎ፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ግን መልሱት ብትሉኝ እመልሰው ነበር። ማን ተቃወመ? እርስዎ ራስዎ እጅዎን አውጥተዋል።"

ልነሣ ስል ነው ስለ ልጄ የጠየቀኝ። ልጄ እዚያው ወረዳ መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ቅጥሯ በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ነው። "ልጅዎ ደህና ናት?" አለኝ። "ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ውሏ የሚታደስበት ጊዜም ደርሷል መሰለኝ።" ይህን ሲል ፈገግ ብሎ በሩን እየከፈተልኝ ነበር።

እስከ ዛሬ አላውቅም። ደግ ነገር ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ አስፈራርቶኝም ሊሆን ይችላል። ደረጃውን ወረድኩ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። በመስኮቱ ልጄን አየኋት፤ ፋይል ተሸክማ መሰላል ላይ ቆማለች። ሳልጠራት አለፍኩ።

ማታ ራት ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ልጄ እንደኔ አይደለችም፤ ዝምተኛ ናት፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ እማዬ ተይው አለችኝ። አንቺ ብቻሽን አላጸደቅሽው፣ መምህሩም ነጋዴውም እጁን አውጥቷል፣ ለምን አንቺ ትነሻለሽ አለችኝ። ያን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ነውና ጎረቤቴ እንዳትሰማ። ልጆቹ አንዴ እኔን አንዴ እናታቸውን ያያሉ። ልቆጣት ፈለግኩ፤ ነገር ግን ልጄ እውነቷን ነው። የምፈራው ለራሴ ቢሆን ኖሮ ደፋር ነኝ እል ነበር። ሰውን የሚያስፈራው የእሱን ስሕተት ሌላ ሰው ሲከፍልለት ነው፤ እኔ ደግሞ ዝም ብልም ብናገርም የሚከፍል አለብኝ። በዚያ በኩል ጎረቤቴ፣ በዚህ በኩል ልጄ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ቀጣዩ ጉባኤ ከደብዳቤው ዘጠነኛ ቀን ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ጎረቤቴ ዕቃዋን አላነሣችም። ከግድግዳው ወዲያ እንደ ወትሮው ስታስል፣ ጀበናዋን ስታጥብ እሰማታለሁ። አንዴ ለሌላ ሰው፣ ጎረቤቴ እኮ የምክር ቤት ናት፣ ትጨርስልኛለች ስትል ሰማኋት። ያን ጊዜ ነው መቀመጥ ያቃተኝ። ዞሬ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ ያ በደብዳቤው ላይ ያለው ሙሉ ድምፅ የሚለው የእኔም ነው አልኳት። ገጹ ላይ ሳልደርስ እጄን አወጣሁ አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ጉልበቷን እያሸች ቆየች።

"እኔ አንቺን የመረጥኩሽ" አለች በመጨረሻ፣ "እኔ ማንበብ ስለማልችል ነው።"

ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር፤ በስድብ እኔን የሚያሸንፈኝ የለም። ይህን ግን ይዤው ቤቴ ገባሁ፤ አሁንም ከእኔ ጋር አለ።

የጉባኤው ዕለት ጠዋት ልጄ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ያንን የሥልጠና መጽሐፌን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። ስከፍተው ውስጡ ወረቀት አለ። እኔ ያለ ጭንቅ እንዳነበው በትልልቅ ፊደል፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ዕቅድ ምክር ቤቱ ራሱ ማሻሻል ይችላል የሚለውን አንቀጽ ጽፋልኛለች። የገጹንም ቁጥር ጽፋለች። ሌላ ቃል የለበትም። እሷም ፈርታለች፤ ፊደሎቹ መጨረሻ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

አምስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ ወጣሁ፤ ሊፍቱ ውስጥ ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ብቻዬን እንዳልገናኝ ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ሞኝነት ፍርሃት ያሠራል። አዳራሹ ውስጥ እጄን ጭኔ ሥር ደብቄ ተቀመጥኩ። ያችው መምህርት አጠገቤ ናት። ሪፖርቱ ታደለ፤ ሥራ አስፈጻሚው ማንበብ ጀመረ። እንደ ለመደው እንደ ውኃ ወረደ። በዕቅዱ መሠረት የደባሎች ክፍሎች በተያዘላቸው ጊዜ ነፃ በመደረግ ላይ ናቸው ሲል ሰማሁ። ማንም ቀና አላለም። ገጽ ተገለጠ። ሌላ ገጽ ተገለጠ። ከዚያ አፈ ጉባኤዋ ሪፖርቱን የምትደግፉ አለች።

እጆች ወጡ። የእኔ ግን ወደ ላይ አልወጣም፤ ተነሥቼ ቆምኩ። የፊቴን ወንበር ያዝኩ።

"ክብርት አፈ ጉባኤ፣ እኔ ገና አራተኛው ገጽ ላይ ነኝ።"

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ "እማማ፣ እኛ ምሳ ላይ ደርሰናል" አለ፤ ሳቁ ጨመረ። አፈ ጉባኤዋም ሳቋን ይዛ፣ ድምፅ መስጠት ስለተጀመረ አስተያየቴን በኋላ በጽሑፍ እንዳቀርብ ነገረችኝ።

"በጽሑፍ እኔ ቀርፋፋ ነኝ" አልኩ። "ሲነበብም ቀርፋፋ ነኝ። ባለፈው ጊዜም አራተኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። አፍሬ ዝም አልኩና እጄን አወጣሁ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሰው ከቤቱ የሚያስወጣ መስመር ነበር። ቤቴ ገብቼ ነው ያነበብኩት። ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ በእኔ ድምፅ ውጪ የተባለች ሴት ናት እንዳነብላት ወደኔ የመጣችው። እስኪ ንገሩኝ፣ ያን ቀን ዘጠነኛውን ገጽ ያነበበው ማን ነው? ያነበበ ካለ እጁን ያውጣ።"

ሳቁ ቆመ። አንድም እጅ አልወጣም። ቀጥዬ ልናገር ስል ግን ያዘጋጀሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። የልጄን ወረቀት አወጣሁ፤ መነጽሬ በላብ ደብዝዞ ፊደሉ አልታይ አለኝ። ከዚያ መምህርቷ ወረቀቱን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና ተነሥታ አነበበችልኝ። አንብባ ስትጨርስ አልተቀመጠችም። እኔም ገጹን ገለጥኩት እንጂ አላነበብኩትም አለች።

ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ሆነ። አንዱ የጸደቀ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም አለ፤ ሌላው ደባል ሰው አይደለም ወይ አለ። ሥራ አስፈጻሚው ተጠየቀ። ማይክሮፎኑን ይዞ፣ "እኔ የምፈጽመው ምክር ቤቱ የወሰነውን ነው። ምክር ቤቱ ሌላ ከወሰነ ሌላውን እፈጽማለሁ" አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። ያችን መስመር ደባሎችም ምትክ ሳያገኙ አይነሡም በሚል ትተካ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። እጆቹን አንዴ ቆጠሩ፤ ድጋፉና ተቃውሞው ስለተቀራረበ እንደገና ቆጠሩ። አለፈ። ሙሉ ድምፅ አልነበረም፤ ማንም አላጨበጨበም።

ኮሪደሩ ላይ ሥራ አስፈጻሚው ደረሰብኝ። የሸሸሁት ሰው አጠገቤ ቆሞ ስልኩን ያገላብጣል። "እማማ፣ አሁን ከላይ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?" አለኝ። ድምፁ የባለ ሥልጣን አልነበረም።

"ምክር ቤቱ አዘዘኝ በል። የመረጥንህ እኛ ነን።"

"እሱ ለእርስዎ ይቀላል።"

"ይቀላል ያለህ ማን ነው?" አልኩት። "እግሬን እየው።" ጫማዬ ወለሉ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አየውና ክንዴን ይዞ እስከ ሊፍቱ ወሰደኝ። ስለ ልጄ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁም።

ጎረቤቴ ከጥቂት ወራት በኋላ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት አንዲት ክፍል ተሰጣት። ደረጃ የለውም። የልጄ ኮንትራት ግን ጊዜው አልፎ ሳይታደስ ቆየ። ለምን ብላ ስትጠይቅ ፊርማ ላይ ነው ይሏታል። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ስትወጣ ማታ ተሰናብታ የምትመለስ እየመሰለኝ በሩን እያየሁ ዋልኩ። በኋላ ታደሰ። ምክንያቱን የነገረን የለም። በእኔ ይሁን፣ ወይም እንዲሁ እንደ ሌላው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ይሁን አላወቅንም። ልጄም አንድ ቀን አልወቀሰችኝም፤ ይህም ራሱ ያስፈራኛል።

ከግድግዳው ወዲያ አሁን የሚያስል የለም። የእኔም ቤት የመፍረሻው ተራ እየደረሰ ነው። በወር አንዴ መገናኛ ሄጄ ታክሲ እይዝና እጠይቃታለሁ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሰልፉም አይጣል ነው። በሯ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኛታለሁ። ጎረቤቶቿ ደህና ሰዎች ናቸው፤ ያጠብኩትን ልብሴን እንኳ ያሰጡልኛል ትላለች። ስለዚያ ደብዳቤ አውርተን አናውቅም። ነገር ግን ጉባኤ ነበረን ካልኳት አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፤ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ እንደ ቀልድ አስመስላ።

"እስከ መጨረሻው አነበብሽው?"

ከሥራ አስፈጻሚውም፣ ከላይ ካሉትም ይልቅ ይህን ጥያቄ እፈራለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ቀድሞ እንዲሰጠኝ በጽሑፍ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከጉባኤው በፊት ያሉትን ቀናት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ አነባለሁ። ሳልጨርስ ጉባኤው የደረሰብኝ ጊዜ፣ አዳራሹ ሁሉ እጁን ሲያወጣ የእኔን ጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥበታለሁ።